ጤፉ የነጣው በየትኛው አምፖል ነው?



ጤፍ በዚህ አገር የሚገዛው በዓይን ነው። ማኛ፣ ነጭ፣ ሠርገኛ፣ ቀይ እያልን የምንለየው በመሣሪያ ለክተን ሳይሆን ዘግነን፣ በመዳፋችን አንከባልለን፣ አይተን ነው። በአንዱ ስምና በሌላው መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት የገበሬውን የዓመት ልፋት ከፍ ወይም ዝቅ ያደርገዋል። ነቃ ያለ ገዢ ከማዳበሪያው ዘግኖ ወደ ደጅ ብቅ የሚለው የመጋዘኑን አምፖል ስለማያምን ነው፤ አለማመኑም ልክ ነው። ሰማያዊ የበዛበት ብርሃን ጤፉን ያነጣዋል፤ ቢጫ የበዛበት ያወይበዋል። በእርግጥ ዓይናችን በአንድ ዓይነት ብርሃን ሥር ጥቂት ከቆየ ራሱን ያስተካክላል። መከራው የሚመጣው በአንድ ጣሪያ ሥር፣ ከአንድ ካርቶን የወጡ፣ አንድ ዓይነት ጽሑፍ ያለባቸው ሁለት አምፖሎች ሁለት የተለያየ ነጭ ሲያበሩ ነው። ያን ጊዜ ዓይን የቱን ይልመድ? ከአንዱ ኩንታል የተዘገነው ጤፍ እዚህ ጥግ ማኛ ይመስላል፤ እዚያ ጥግ ማኛነቱ ያጠራጥራል።

እንግዲህ የዛሬው ንግግሬ ስለ አምፖሉ ነው። መንግሥታት ኤልኢዲ የሚባለውን አምፖል የሚያበረታቱት ኃይል ስለሚቆጥብ ነው፤ ደረጃ ሲያወጡለትም ቀድመው የሚጠይቁት በአንድ ዋት ስንት ሉመን ብርሃን እንደሚሰጥ ነው። የቀለሙ ጉዳይ በአብዛኛው እንደ ጌጥ፣ እንደ ቅንጦት፣ ሀብታም አገር እንደሚጨነቅበት ነገር ይታያል። እኔ የምለው ተቃራኒውን ነው። የኃይል ቁጠባ ደረጃ የአምፖሉን ቀለም ወጥነት አብሮ ካልመረመረ፣ ቆጠብኩ የሚለውን ኃይል ራሱን በእጁ ማስቀረት ያቅተዋል። ቀለም የቁጠባው ምስክር ነው፤ ምስክሩን ከችሎቱ አስወጥቶ ፍርድ መስጠት ደግሞ አይቻልም።

ነገሩ ከሥሩ እንዲገባን አምፖሉን እንክፈተው። ነጭ ብርሃን የሚሰጥ አንድ ቅንጣት ኤልኢዲ በተፈጥሮው የለም። በውስጡ ያለው ቅንጣት የሚያበራው ሰማያዊ ነው፤ የሞገድ ርዝመቱ 450 ናኖሜትር አካባቢ ነው። ይህን ሰማያዊ ብርሃን እውን ያደረጉት ኢሳሙ አካሳኪ፣ ሂሮሺ አማኖና ሹጂ ናካሙራ እ.ኤ.አ. በ2014 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማትን ተጋርተዋል። በሰማያዊው ላይ ፎስፈር የሚባል ቢጫ ዱቄት ይቀባል፤ ዱቄቱ ሰማያዊውን ከፊሉን ውጦ ቢጫ አድርጎ ይተፋዋል፤ ሁለቱ ሲቀላቀሉ ዓይናችን ነጭ ይላቸዋል። ምጣድ ላይ የፈሰሰውን ሊጥ አስቡት። ሊጡ በሳሳበት እንጀራው ይሳሳል፣ በወፈረበት ይወፍራል። ፎስፈሩም እንዲሁ ነው፤ በሳሳበት ብርሃኑ ወደ ሰማያዊ፣ በወፈረበት ወደ ቢጫ ያደላል። ጋጋሪዋ አንድ ምጣድ ላይ የምታየውን ልዩነት ፋብሪካው በሚሊዮን ቅንጣቶች ላይ ያየዋል። ስለዚህ የተመረቱትን ሁሉ በመሣሪያ እያበራ፣ ቀለማቸው የሚቀራረበውን አንድ ላይ ይመድባል። ጠባቡን ወንፊት ያለፉት በውድ ይሸጣሉ፤ የቀሩት ይጣላሉ ማለት አይደለም፣ ዋጋቸው ወርዶ ብዙ ወደማይጠይቅ ገበያ ይሄዳሉ። የማይጠይቅ ገበያ ደግሞ ደረጃው ስለ ቀለም ዝም ያለበት ገበያ ነው።

ሁለት ነጭ ምን ያህል ሲለያዩ ነው ዓይን ልዩነቱን የሚያውቀው? ይህ የጣዕም ጥያቄ ይመስላል፤ ግን ተለክቷል። እ.ኤ.አ. በ1942 በአሜሪካ የኮዳክ ኩባንያ ተመራማሪ የነበረው ዴቪድ ማክአዳም አንድ ተመልካች ቀለምን ከቀለም ጋር እንዲያመሳስል አድርጎ፣ 25,000 ያህል ሙከራዎችን መዝግቦ፣ ስሕተቶቹ በቀለም ካርታ ላይ እንዴት እንደሚበተኑ ሣለ። የተገኙት ክብ ሳይሆኑ ሞላላ ቅርጾች ናቸው፤ ዛሬም የማክአዳም ሞላላ ይባላሉ። የሞላላው ስፋት በእርከን ይቆጠራል፤ በአንድ እርከን ውስጥ ያሉ ሁለት ብርሃኖችን መለየት ያዳግታል፤ ከሦስት እርከን ወዲያ ጎን ለጎን ሲሰቀሉ ልዩነቱ መታየት ይጀምራል። ዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን የኤልኢዲ አምፖሎችን በ3፣ በ5 እና በ7 እርከን ይመድባል። የአውሮፓ ኅብረት ከመስከረም 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ ያዋለው ደንብ ከ6 እርከን የሰፋ ልዩነት ያለውን ኤልኢዲ አይቀበልም። አስተውሉልኝ፤ ይህ ደንብ የወጣው ለኃይል ቁጠባ ነው። የቀለሙ ቁጥር የገባው ዋትና ሉመን በሚቆጠርበት በዚያው ሰነድ ውስጥ ነው።

ቀለምን ከቁጠባ ጋር አብሮ መጠየቅ የሚያስፈልገው ለወጥነት ብቻ አይደለም፤ አምፖሉ ቀለሞችን በትክክል እንዲያሳይም ነው። ለምን? ሉመን የሚባለው መስፈሪያ ራሱ አድልዎ ስላለበት ነው። ሉመን ብርሃንን የሚሰፍረው በሰው ዓይን ንቃት ነው፤ ዓይን ደግሞ በቀን ብርሃን ከሁሉ ይበልጥ የሚነቃው 555 ናኖሜትር ላይ ላለው አረንጓዴ ቢጫ ነው። 650 ናኖሜትር ላይ ያለ ቀይ ብርሃን በተመሳሳይ ኃይል ቢመረትም በሉመን ሲቆጠር የዚያ አንድ አሥረኛ ያህል ብቻ ይሆናል። ይህን የሚያውቅ አምራች በዋት ስንት ሉመን ብቻ ከተጠየቀ ምን ያደርጋል? ቀዩን ይተወዋል። ማጭበርበር አልለውም፤ የተጠየቀውን መለሰ። አሰፋፈሩ ቀይን ኪሳራ አድርጎ ስላስቀመጠ ነጋዴ ከኪሳራ ሸሸ፣ ያ ብቻ ነው። ውጤቱ ግን በቁጥር ብሩህ፣ ለዓይን ግን ሬሳ የሚያስመስል ብርሃን ነው። በርበሬው ቡናማ፣ የሰው ፊት የታመመ፣ ጥለቱ የደበዘዘ ይመስላል። ቀለም የማሳየት ብቃትን ይለካል የተባለው ቁጥር እንኳ፣ በአምፖል ካርቶን ላይ ሲአርአይ ተብሎ የሚጻፈው፣ አማካዩን የሚያወጣው ከስምንት ለስላሳ ቀለሞች ነው፤ ደማቁ ቀይ ዘጠነኛ ሆኖ ከአማካዩ ውጭ ቀርቷል። ስለዚህ 80 የሚል አምፖል በቀይ በኩል ዜሮ ሊሆን ይችላል።

ይህ ለምሥራቅ ጎጃም ሰው ባዶ የቁጥር ጨዋታ አይደለም። በዲማ ጊዮርጊስና በደብረ ወርቅ ማርያም ያሉትን የብራና መጻሕፍት አስቡ። በብራና ላይ የቅዱሳን ስምና የምዕራፍ መጀመሪያ በቀይ ይጻፋል፤ ቀሪው በጥቁር። ጸሐፊው ቀዩን ያስገባው አንባቢ ዓይኑን ሳያደክም ስሙ ጋ እንዲደርስ ነው። ቀይን በማይመልስ አምፖል ሥር ያ ቀለም ወደ ጥቁር ቡናማ ይጠጋል፤ የጸሐፊው ድካም ግማሹ ይጠፋል። ለሥነ ሥዕሉም፣ ለጥለቱም፣ ለሥጋ ቤቱም ይኸው ነው። ስለ ሥጋ ቤት ካነሣን፣ ቀያማ አምፖል አንጠልጥሎ ሥጋውን የሚያቀላ ባለ ሱቅ ከአምፖል አምራቹ ቀድሞ ነገሩ ገብቶታል።

አሁን ወደ ዋናው ማስረጃ እንግባ፤ ቀለምን መናቅ ቁጠባን ያስቀራል ወዳልሁት። አገራችን ኃይል ቆጣቢ አምፖል በማከፋፈል ረገድ የምትጠቅሰው ታሪክ አላት። እ.ኤ.አ. በ2009 የዚያን ጊዜው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ኮርፖሬሽን 350,000 ቆጣቢ አምፖሎችን ያለ ክፍያ አከፋፈለ። የዓለም ባንክ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጡት ጥናት ያ የመጀመሪያ ዙር ለአንድ ደንበኛ በወር ከ45 እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት፣ በጠቅላላው ደግሞ 13.3 ሜጋዋት እንዳስቀረ ገምተዋል። ጥሩ ውጤት ነው፤ አንድ አነስተኛ ማመንጫ ሳይገነባ ተገኘ እንደማለት ነው። ነገር ግን ይህ ቁጠባ የሚቆየው አምፖሉ በሶኬቱ ላይ እስከቆየ ድረስ ነው። ሰው አምፖሉን ነቅሎ የድሮውን ቢመልስ፣ ወይም ጨለመብኝ ብሎ ሌላ ቢጨምርበት፣ 13.3 የሚለው ቁጥር በወረቀት ላይ ይቀራል። አሜሪካኖች ይህን በራሳቸው ላይ አይተውታል። ቆጣቢ ፍሎረሰንት አምፖልን እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ በድጎማ ሲገፉ ኖረው፣ እ.ኤ.አ. በ2006 የኢነርጂ ሚኒስቴራቸው ያሠራው ጥናት ገበያው ለምን ለረጅም ጊዜ እንዳልተቀበለው መረመረ። ከምክንያቶቹ መካከል የማያስደስት ቀለም፣ መርገብገብና ቃል ከተገባለት ዕድሜ በፊት መቃጠል ይገኙበታል። አምፖሉ በላቦራቶሪ ቆጣቢ ነበር፤ በቤት ውስጥ ግን አልተወደደም። ያልተወደደ አምፖል የሚቆጥበው ዜሮ ነው። ያ መጥፎ ስም ለኤልኢዲም ተርፎ ነበርና፣ ኋላ የመጡት ደረጃዎች ቀለምን ከመጀመሪያው መስመር ያስገቡት ከዚህ ተምረው ነው።

እዚህ ላይ ብርቱ ተቃውሞ አለ። ቀይ ብርሃን በሉመን ካልከፈለ፣ ቀለምን ማሻሻል የግድ ቁጠባን መቀነስ ነው፤ ሁለቱን ባንድ ላይ መጠየቅ በአንድ እጅ ሁለት ሐብሐብ እንደ መያዝ ነው የሚሉ አሉ። ክርክሩ ከፊሉ እውነት ነው፤ በአንድ ዓይነት ቴክኖሎጂ ቀለምን ከፍ ማድረግ ጥቂት ሉመን ያስከፍላል። ነገር ግን ምን ያህል ጥቂት እንደሆነ እ.ኤ.አ. በ2011 ታይቷል። የአሜሪካ መንግሥት ባለ 60 ዋቱን አሮጌ አምፖል ለሚተካ ኤልኢዲ 10 ሚሊዮን ዶላር ሽልማት አቅርቦ፣ ፊሊፕስ ኩባንያ አሸነፈ። ውድድሩ የጠየቀው ከ10 ዋት በታች እንዲወስድ፣ ከ900 ሉመን በላይ እንዲሰጥ፣ ሲአርአዩም ከ90 በላይ እንዲሆን ነበር፤ ሦስቱም ባንድ አምፖል ተገኙ። ዋጋው ግን ገበያ ሲወጣ 50 ዶላር ገደማ ነበር፤ ይህን መደበቅ አይገባም። ካሊፎርኒያ ደግሞ ሌላ ዘዴ አበጀች። ከሐምሌ 2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአምፖሉ ሉመን በዋት፣ ሲአርአዩ በ2.3 ተባዝቶ ሲደመርበት፣ ከ297 እንዳያንስ አዘዘች፤ ለሁለቱም የማይታለፍ ዝቅተኛ ወለል ሰጥታ። ሲአርአዩ 82 የሆነ አምፖል በዋት ከ108 ሉመን በላይ ማምጣት አለበት፤ 90 የሆነ ግን 90 ሉመን ይበቃዋል። አምራቹ በአንዱ የከሰረውን በሌላው ይክሳል፤ ገዢው ግን በሁለቱም አይከስርም። እንዲህ ያለ ሚዛን ከአንድ ነጠላ ቁጥር ይልቅ ለእኛ ይስማማል ብዬ አምናለሁ። ደግሞም ልብ በሉ፣ ወጥነት ከዚህ ክርክር ውጭ ነው። አምፖሎችን እርስ በርስ ማመሳሰል ቀይ መጨመር አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው በፋብሪካው መለየትንና መቆጣጠርን ነው። ለወጥነት የሚከፈለው ኃይል ሳይሆን ትጋት ነው።

ወጥነትን የቁጠባው ምስክር ያልሁትም በሚከተለው ምክንያት ነው። አምፖል ቀለሙን የሚለውጠው ለምንድን ነው? ቅንጣቱ ከሚገባው በላይ ሙቀት ስለበዛበት፣ ኃይሉን የሚመጥንለት ድራይቨር ስለተበላሸ፣ ፎስፈሩ ስላረጀ፣ የሽፋኑ ፕላስቲክ ስለወየበ። ከእነዚህ አብዛኞቹ ሉመኑንም ይቀንሳሉ። ኢነርጂ ስታር የተባለው የአሜሪካ ምልክት ከ6,000 ሰዓት በኋላ ቀለሙ ከተወሰነ መጠን በላይ እንዳይሸሽ ይጠይቅ የነበረው ለዚህ ነው። ቀለሙ ሳይለወጥ የሚደክም፣ ቀለሙ ተለውጦም የሚሠራ አምፖል አለ፤ ምስክር አንዳንዴ ይሳሳታልና። ሆኖም በማስመጫ ቅጽ ላይ ካለ የአስመጪ ፊርማ ይልቅ ይህን ምስክር ማመን ይሻላል።

ሁለተኛው ተቃውሞ የድሃው ነው፤ በአክብሮትም መመለስ አለበት። ደረጃ በጠበቀ ቁጥር ዋጋ ይጨምራል፤ ርካሹን አምፖል ከከለከልን ድሃው ወደ ኩራዝ ይመለሳል ይላል። ኩራዝ ያለበት ቤት ትዝ እያለኝ ይህን ተቃውሞ አቃልዬ አላልፈውም። ግን አምፖል እንደ ሽንኩርት በአንድ ቀን የሚያልቅ ዕቃ አይደለም፤ ዋጋው የሚታወቀው ባበራባቸው ሰዓቶች ሲካፈል ነው። 15,000 ሰዓት ይበራል ተብሎ በ2,000 ሰዓት የሚጠፋ አምፖል ዋጋው ግማሽ ቢሆንም ከሙሉው ይበልጣል። የመጀመሪያ ተጎጂውም ድጋሚ የሚገዛበት ገንዘብ የሌለው ነው። ደግሞ የምጠይቀው ሁሉም ባለ 3 እርከን ይሁን አይደለም። ለመጋዘን፣ ለትምህርት ቤትና ለጤና ጣቢያ ጠበቅ ይበል፤ ለበረት ላላ ይበል። ዋናው በካርቶኑ ላይ የተጻፈው እውነት መሆኑ ነው።

ሦስተኛው፣ በዚህ በደጀን ከተማ በተለይ የሚነሣው፣ ስለ ዓባይ ነው። ከደጀን ቁልቁል የሚታየው ወንዝ በጉባ ታግዶ ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ 5,150 ሜጋዋት ያለው አገር በ9 ዋት አምፖል ለምን ይጨቃጨቃል? ቤት ውስጥስ እውነተኛው በላተኛ ምጣዱ አይደለም ወይ? ስለ ምጣዱ ልክ ናችሁ፤ 3.5 ኪሎዋት የሚወስድ ምጣድ በአንድ ሰዓት 3.5 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። ግን ሒሳቡን እስከ መጨረሻው እንሥራው። አንድ ባለ 60 ዋት አምፖል በቀን 5 ሰዓት ቢበራ በወር 9 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ ባለ 9 ዋቱ ኤልኢዲ 1.35። ልዩነቱ 7.65፣ ማለትም ከሁለት የአንድ ሰዓት ጋገራ የሚበልጥ ነው፣ ከአንድ አምፖል። በቤቱ አራት ቢኖሩ ቆጣሪው ይመሰክራል። መብራት ደግሞ በሁሉም ቤት የሚበራው በአንድ ጊዜ፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ ነው፤ ትራንስፎርመር የሚጨነቀው ያን ጊዜ ነው። ግድቡ ኃይል ያመነጫል፤ በየመንደሩ ያለውን ሽቦና ትራንስፎርመር ግን አያሰፋም።

የቀረው፣ ማን ይመርምር የሚለው ነው። ሕጉ አለ። የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006 የኃይል ብቃትንና ቁጠባን የሚቆጣጠር ባለሥልጣን አቋቁሞ ነበር፤ ሥራው ዛሬ በነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ሥር ነው። በ2003 ዓ.ም. የቀድሞው የጥራትና ደረጃዎች ተቋም ሲከፋፈል ደረጃ የሚያወጣው፣ የሚመረምረው፣ የልኬት መሣሪያን የሚያረጋግጠውና ዕውቅና የሚሰጠው ለየብቻቸው ቆመዋል። መሣሪያውም ምሥጢር አይደለም። ውስጡ ነጭ የተቀባ ባዶ ሉል ውስጥ አምፖሉ ይበራል፤ ብርሃኑ በግድግዳው ተደባልቆ ወደ መስፈሪያው ይደርሳል፤ በአንድ ልኬት ዋቱ፣ ሉመኑና ቀለሙ ሦስቱም ይወጣሉ። ለቁጠባው ሉሉን ከከፈትን ቀለሙን ለመመዝገብ ተጨማሪ ወጪ የለብንም ማለት ነው። ለእኛ አገር ግን አንድ ነገር እጨምራለሁ። በ220 ቮልት ብቻ መመርመር አይበቃም፤ የገጠር መስመር ቮልቴጁ ይዋዥቃልና ዝቅ ብሎም ከፍ ብሎም መታየት አለበት። ናሙናውም አስመጪው መርጦ ካመጣው ሳይሆን ከሱቅ መደርደሪያ ይነሣ።

እስከዚያው ድረስ ነጋዴም ገዢም ከአንድ ካርቶን ሦስት አምፖል አንሥቶ በነጭ ግድግዳ ፊት ጎን ለጎን ማብራት ይችላል፤ ልዩነቱ ለዓይን ከታየ ካርቶኑን መመለስ ነው። በስልክ ካሜራ አትፈትኑ፤ ካሜራው ነጩን በራሱ ስለሚያስተካክል ይዋሻል። የአምፖሉን ዕድሜ መመርመር ግን ጊዜ ይጠይቃል፤ የአውሮፓው መርማሪ 10 አምፖሎችን ወስዶ ሁለት ሰዓት ተኩል እያበራ፣ ግማሽ ሰዓት እያጠፋ፣ 1,200 ዙር ያስኬዳቸዋል። ሲደመር 3,600 ሰዓት፣ ልክ 150 ቀን ነው፤ በእኛ አቆጣጠር አምስት ሙሉ ወር። መስከረም 1 ቀን የተሰቀለው አምፖል ጥር 30 ቀን አልቆ ይወርዳል። ያን ጊዜ ጤፉም ተወቅቶ ገበያ ወጥቷል።